የረቡዕ ሦስት ዲግሪ

መምህር ምስጋኑ የሞራ ሽታ አፍንጫው ከገባ ሆዱ ይገለበጣል። ይባስ ብሎ የተከራየው ክፍል ከየሺሃረግ ሥጋ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። «ኤጭ! ሰው በከረፋ ጨጓራ መሀል እንዴት ያስባል?» እያለ ጠዋት ማታ እንትፍ ይላል። እሷም በአጥር በኩል፣ «መምህር፣ ይቅመሱትና ሽታውን ይረሱታል!» እያለች ታበሽቀዋለች።

የሚያስበው እንዲህ ቀላል ነገር መሰላችሁ? ማስተማሩን ትቶ ዘጠኝ ዓመት አንድ የመስታወት ዕቃ ላይ አፍጥጧል። ውሃ፣ ፖታሽ፣ የኒኬል ሽቦ፣ ከጋሸና ሹፌሮች የገዛው የመኪና ባትሪ፤ በቃ። ፀሐይ ውስጥ በስንት ሚሊዮን ዲግሪ የሚዋሃደው የሃይድሮጅን አስኳል ኒኬል ውስጥ ከገባ በቀዝቃዛው ይዋሃዳል፣ ሙቀትም ይተርፋል ባይ ነው። የላሊበላ ሰው «ለቆበታል» ብሎ ከተወው ቆየ። ፈጠራ የሚደግፍ አንድ መሥሪያ ቤት ግን የሚልከው ባለሙያ ዐይቶ ከፈረመለት ላቦራቶሪ እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለታል። ካልሆነ ዘጠኙ ዓመት ውሃ በላው።

በጥምቀት ማግስት ሽታው ቢብስበት ጊዜ መስኮቱን ጠርቅሞ፣ ዕቃውን ከመስኮቱ ሥር አንስቶ ወዲያኛው ግድግዳ ላይ አስጠግቶ አስቀመጠው። የክፍሉን ቴርሞሜትር እዚያው መስኮቱ ጋ ተወው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃው ከክፍሉ ሦስት ዲግሪ በለጠ። እልል ሊል ምንም አልቀረው! ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሙቀቱ ድራሹ ይጠፋል። «ኒኬሉ ሲጠግብ ያርፋል» ብሎ አርባ ገጽ ጻፈ። ሁዳዴ ገባና ሁለት ወር ገደማ ጭጭ ሲልበት፣ «አየሩ ደርቆ ነው» ብሎ አሥራ ሁለት ገጽ ጨመረ። በፋሲካ ሙቀቱ ተመለሰ።

ባለሙያው አቶ ምናለ በዚያው በፋሲካ ሳምንት ማክሰኞ እመጣለሁ ብሎ፣ መኪና ተበላሽቶበት ረቡዕ ደረሰ። ምስጋኑ «ዛሬ ያርፋል፣ ነገ ይዩት» ብሎ ቢለምነው አሻፈረኝ አለ። ጎንበስ ብሎ ቴርሞሜትሮቹን አየ።

«ሦስት ዲግሪ! እንኳን ደስ ያለዎት!»

ምስጋኑ ክው አለ። በረቡዕ? ከግድግዳው ማዶ የየሺሃረግ ድምፅ መጣ። «በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም ጥብስ አለ፣ ግቡ!»

መዳፉን ከዕቃው ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ይሞቃል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ለካስ ስትጾም የከረመችው የየሺሃረግ ምድጃ ናት። ያንን ሁሉ ገጽ ሲያስበው ራሱን ተጸየፈ።

«አቶ ምናለ፣ እስቲ እዚህ ይንኩ።»

ምናለ ነካና እጁን ሰበሰበ። በሩን ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «መምህር፣ እኔ የተላክሁት ዕቃውን እንዳይ ነው። አለቆቼ ለስብሰባ የሚያቀርቡት ፈጠራ ይፈልጋሉ፣ እርስዎ ላቦራቶሪ ይፈልጋሉ። ግድግዳውን ማን ጠየቀን?» ፈገግ ብሎ የማረጋገጫ ቅጹ ላይ ፈረመና ወረቀቱን ዘረጋለት።

ያ ፈገግታ ከሞራው ብሶ አቅለሸለሸው። ከሁሉ ያስጠላው ግን ወረቀቱን ለመቀበል የተዘረጋው የገዛ እጁ ነው። ተቀበለው። ፊርማውን አየው፤ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ፊርማ ነው።

ከዚያ እስክሪብቶውን ከምናለ እጅ ወሰደና፣ «የሙቀቱ ምንጭ» ከሚለው ፊት «የየሺሃረግ ጥብስ ምድጃ» ብሎ ጽፎ መለሰለት።