ውስጡ ብቻ የተበላው ጎማ

«ኧረ ወንድምዓለም፣ ጎማውስ ጥፋት የለበትም!» አለ ጎሚስታው። ዓሣ አጥማጁ ግን አሮጌ ጎማ ሸጠልኝ ብሎ፣ መንገዱን ሁሉ ስድብ ሲመርጥ ነበር የመጣው። ጎሚስታው ከጀልባው ተጎታች ሥር ገብቶ ዳበሰ፤ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ሽቦው እስኪታይ ተበልቷል፣ ውጭኛው ገና አዲስ ነው።

«ጎማዎቹን የያዘው አክስል ጎብጧል። ምን ጭነህበት ነው?»

«ባዶ ጀልባ ነዋ! እንጨቱ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ብቻ ውኃ እሞላዋለሁ።»

«ሞልተህ ነው የምትጎትተው?»

ዓሣ አጥማጁ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ሐይቁ ዓመት በዓመት እየሸሸ ርቆታል፤ ያለ ተጎታች ጀልባው ውኃ አይነካም፣ ልጆቹም አይበሉም። አክስሉ ደግሞ ዝገት ስለጨረሰው ላቃናህ ቢሉት ይሰበራል።

«ታዲያ እኔ በምን ልኑር?» አለ።

«ዓሣውን እዚያው ጀልባው ውስጥ እያረባህ ኑር፤ ውኃ እንደሆነ አላጣህም።»