የወረቀት ስም

ማክሰኞ ጠዋት አሱንቲና ሎሚ ልትገዛ ስትወጣ ቅያሱ መግቢያ ላይ አዲስ የሞት ማስታወቂያ ተለጥፎ አየች። ማጣበቂያው ገና አልደረቀም፤ ከጥቁሩ ክፈፍ ሥር ይንጠባጠባል። ናፖሊ ውስጥ ሞት የሚሰማው ከግድግዳ ነው፤ ማስታወቂያ አይቶ ሳያነብ የሚያልፍ የለም። እሷም ቆማ አነበበች፦ ሳቬሪዮ ኢምፓራቶ፣ ስልሳ ስምንት ዓመት፣ ወንድሙና ቤተሰቡ በሐዘን ያስታውቃሉ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ እዚሁ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን።

አማተበችና ወደ ፍራፍሬ ሻጯ ዞረች።

«ራኬሌ፣ ማነው ይሄ ደግሞ?»

«እኔ በምን አውቄው። የፋርማሲው ሰውዬ አማች ሳይሆን አይቀርም። የላይ ሰፈር ሰዎች በሕይወት እያሉ ሰላም አይሉንም፤ ሲሞቱ ግን እኛ ግድግዳ ላይ ናቸው።»

«ነፍስ ይማር። ስልሳ ስምንት ነው የሚለው?»

«ስልሳ ስምንት። ከአርባ ሰባት ጋር አድርገን ቅዳሜ ሎተሪ እንሞክርበት እንጂ! በሎተሪ አርባ ሰባት የሬሳ ቁጥር ነው። መቼም ሰው በከንቱ አይሞትም።»

ሁለቱም ሳቁ። አሱንቲና አምስት ሎሚ መርጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በኋላ፣ ብዙ ቀን፣ ያንን ሳቅ መልሳ ልትውጠው ሞክራለች።

የዚያን ሰሞን ጭንቀቷ ሌላ ነበር፦ ኒኔታ። አርባ ዓመት በር ለበር ኖረዋል፤ አንዷ ሽንኩርት ስትጠብስ የሌላዋ ዓይን ያለቅሳል። ሁለቱም ሰፈሩ ፌሚኔሎ የሚላቸው ናቸው። ሲወለዱ ወንድ ተባሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን በሴት ስም፣ በሴት ቀሚስ፣ በሴት ወግ ኖሩ። ቅያሱ ውስጥ ይህን የሚያስረዳም የሚጠይቅም የለም። አራስ ሴት ሕፃኗን መጀመሪያ ከቤት ስታወጣ፣ ዕድሉ እንዲያምር ብላ የምታሳቅፈው ለእነሱ ነው። ግማሹ ሰፈር በኒኔታ እቅፍ አልፏል።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በኒኔታ አንድ ክፍል ቤት ቶምቦላ የሚሉትን የቁጥር ዕጣ ጨዋታ ይጫወታሉ። ቁጥር የምትጠራው ኒኔታ ናት፤ እያንዳንዱን ቁጥር በስድብና በወሬ አጅባ ታወጣዋለች። የሚገቡት ሴቶችና ፌሚኔሎዎች ብቻ ናቸው፤ ወንድ ከደጃፍ አያልፍም። የራኬሌ ባል ቪንቼንዞ አንገቱን ባስገባ ቁጥር ኒኔታ ትጮኽበታለች፦

«ቪንቼንዞ! መግባት ከፈለግህ የሚስትህን ቀሚስ ለብሰህ ና። ሱሪውን እንደሆነ እሷ ታጥቃዋለች!»

ጥቅምት ላይ ኒኔታን ሆዷን አመማት፣ ከሳች፣ ደረጃ መውጣት አቃታት። አንድ ማለዳ፣ ሰፈሩ ሳይነቃ፣ ወንድሟ ከቤኔቬንቶ ከተማ በመኪና መጣ። ሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ ኒኔታም በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ «ሂሳብ ሠራተኛው» ነው የምትለው። መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የአሱንቲናን እጅ ያዘች።

«ስሞት የምታለብሺኝ አንቺ ነሽ። በዝምታ እንዳያወጡኝ፣ ገባሽ? ቅያሱ ሁሉ ይጩኽልኝ።»

«አፍሽን ያዢ። ለገና ትመለሻለሽ።»

«ማይልኝ።»

አሱንቲና በማዶና ማለችላት።

ሦስት እሁድ ኒኔታ ወደ ሰፈሩ ቡና ቤት ስልክ ደወለች። በአራተኛው ዝም አለች። አሱንቲና ራሷ ስትደውል አንዲት ሴት አነሳች፤ «እዚህ ቤት ኒኔታ የምትባል የለችም» ብላ ዘጋችው። የኒኔታ ወንድም ሚስት መሆኗን ገምታ ተናደደች። ታፍርባታለች፣ ስልኩን አታቀብላትም አለች በልቧ። ሞት ግን አላሰበችም። ሰው የሚፈራውን ነገር ፊት ለፊት አያየውም።

ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ደወል ሲመታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። በምሳ ሰዓት ቪንቼንዞ ትከሻውን እያሸ መጣ።

«ዛሬ ሰው የሌለው ሬሳ ተሸከምኩ። እኔንና አንድ መንገደኛን ወንድምየው ከመንገድ ላይ ለምኖን ነው። እንደ ባዶ የሎሚ ሣጥን ነው የሚቀለው፣ ምስኪን።»

«አንድ ለቀስተኛ የለም?»

«ወንድምየው፣ ሚስቱ፣ የማንም ቀብር የማያመልጣቸው ሁለት አሮጊቶች። ቄሱ ደግሞ ያ አዲሱ ነው፤ ሲጀምርም ቸኩሎ ነበር።»

«እንደዚህ ከመሞት ያድነን» አለች አሱንቲና፣ ባቄላዋን እያነሳች።

ቀብሩ ካለፈ በዘጠነኛው ቀን ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው የኒኔታን በር በቁልፍ ሲከፍት አየችው። ሂሳብ ሠራተኛው ነው። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ተሻግራ ሮጠች።

«እንዴት ናት? ሆስፒታል አስገባችኋት?»

ሰውየው ካርቶን እየዘረጋ ነበር፤ ቀና አላለም። ሲመልስላት «እርስዎ» አላት። ወንድ ነህ ወይም ሴት ነሽ ብሎ መቁረጥ ለማይፈልግ ሰው የሚመች ጨዋነት ነው።

«አሱንቲና እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እስከ መጨረሻው ስምዎን ይጠራ ነበር። እርስዎ ደግሞ ዛሬ መጥተው እንዴት ናት ይሉኛል።»

«ይጠራ ነበር ማለት?»

«ቀበርነው እኮ! ባለፈው ሳምንት ሐሙስ። ከሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን አውጡኝ፣ ሰዎቼ ይሸኙኝ አለ። ስልሳ ኪሎ ሜትር ይዤው መጣሁ። ሚስቴ አብደሃል አለችኝ። ግድግዳችሁ ላይ አስለጠፍኩ። ይመጣሉ፣ ትንሽ ይታገሱን እያልኩ ቄሱን ሩብ ሰዓት አቆምኩት። አንድ ሰው አልመጣም። አንድ ሰው! ተሸካሚ ከመንገድ ለመንኩ። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ቤተሰቦቼ የሚላችሁ እናንተ ናችሁ?»

አሱንቲና የሰማችው «ሐሙስ» የሚለውን ብቻ ነበር። ምንም ሳትመልስለት ወጣች። እግሯ ወደ ቅያሱ መግቢያ ወሰዳት። ግድግዳው ላይ የሰርከስ ማስታወቂያ ተደርቦበታል። የዝሆኑን ግማሽ በጥፍሯ ገፈፈችው። ከሥሩ ጥቁሩ ክፈፍ ወጣ። ሳቬሪዮ ኢምፓራቶ፣ ስልሳ ስምንት ዓመት።

ስልሳ ስምንት! ኒኔታ እኮ ላለፉት ሰባት ዓመታት ስልሳ አንድ ነበረች።

አርባ ዓመት ሙሉ አሱንቲና ይህን ስም ጠይቃ አታውቅም። ቸልተኝነት አልነበረም፤ በመካከላቸው ሕግ ነበር። የወረቀት ስም አይጠየቅም። የወረቀት ስምሽን የሚጠይቅሽ ወይ ፖሊስ ነው ወይ ጠላት፣ ትል ነበር ኒኔታ ራሷ። ፖስተኛው እንኳ ደብዳቤያቸውን ገልብጦ ነበር የሚሰጣቸው። በየወሩ ኒኔታን ደግፋ ጡረታዋን ልታስቀበላት ፖስታ ቤት ስትወስዳት፣ ጸሐፊው ስም መጥራት ሲጀምር አሱንቲና ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። በዚያ ትኮራ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ አንዲት ቀን ብቻ ጆሮዋን ብትሰጥ ኖሮ።

ሂሳብ ሠራተኛው ተከትሏት መጥቶ አጠገቧ ቆመ። የተቀደደውን ዝሆን አየ፣ እሷን አየ። ቀስ ብሎ ገባው።

«አያውቁትም ነበር?»

«አላውቀውም።»

«አርባ ዓመት?»

«አርባ ዓመት። ማንኛችንም አናውቀውም። ኒኔታ ናት የምናውቀው።»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ፤ የሚያደርግበት ስላጣ መልሶ ደፋው።

«ማተሚያ ቤቱ ጠይቆኝ ነበር» አለ። «በሰፈር የሚጠራበት ስም ነበረው? እዚህ አካባቢ ከሥር እንጽፋለን አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«የለውም አልኩት።»

አሱንቲና የቀረውን ዝሆን በጥፍሯ ትገፍፍ ጀመር።

«ልጆቼ ያነቡታል ብዬ… ምን ለውጥ ያመጣል አልኩ። አንድ መስመር ናት።»

«ምን አለበሳችኋት?»

«ግራጫ ሱፍ።»

«ከነክራቫቱ?»

«ከነክራቫቱ።»

ልትመታው ፈለገች። እጇ ግን አልተነሳላትም። ከሁሉ ያቃጠላት ይሄ ነው፦ ያፈረባት ሰው ቀብሯታል፤ የሚወዷት ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። ኒኔታም የሞተችው ይመጣሉ ብላ ነው።

«የመቃብሩ ድንጋይስ?» አለችው።

«ታዟል። በስሙ።» ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ስልክ ስትደውይ ሚስቴ የዘጋችብሽ ጊዜ አልሞተም ነበር። ማዶ ክፍል ተኝቶ ነበር» አላት። «አንቺ» ማለቱን ራሱም ያወቀ አይመስልም።

ራኬሌ ከሱቋ ሁሉን ሰምታለች። ሚዛኗን ጥላ፣ «ቪንቼንዞ! ቪንቼንዞ! ኒኔታን ነው የተሸከምከው!» እያለች ጮኸች። ቪንቼንዞ ከጓዳ ወጣ። መጀመሪያ የሚቀልዱበት መሰለው። ከዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ትከሻውን ያዘ። ጩኸቱ ከበር ወደ በር፣ ከሰገነት ወደ ሰገነት ወጣ፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን እየነጩ ቅያሱን ሞሉት። ቅያሱ ሁሉ ጮኸላት። ሬሳው ከሄደ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

እሁድ ቶምቦላ አልነበረም። አሱንቲና የሰፈሩን የቀሩ ሁለት ፌሚኔሎዎች ጠራቻቸው፦ ሰባ የሞላትን ረጅሟን ቤቲናንና የሃያ ሁለት ዓመቷን ሉናን። በሩን ዘጋች።

«የወረቀት ስማችሁን ንገሩኝ።»

ሉና ሳቀች። «ፖሊስ ተቀጠርሽ እንዴ፣ እቴቴ?»

«ንገሩኝ ብያለሁ።»

«ነውረኛ!» አለች ቤቲና። «እኔን? በዚህ ዕድሜዬ? ኒኔታ ብትሰማሽ ምላስሽን በመቀስ ነበር የምትቆርጠው።»

«ኒኔታ አትሰማም። ሎተሪ ልቆርጥባት ነበር፣ ሰምተሻል? ስሟን አንብቤ ሳቅሁ። አንቺ ስትሞቺም ግድግዳ ላይ አንብቤሽ ልለፍ?»

ቤቲና ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች። መያዣውን ጨብጣ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ቆመች።

«ጋስፓሬ ሎንጎ» አለች። ስትለው ድምፅዋ ወፈረ። ራሷም ሰማችው፣ አፏን በእጇ ሸፈነች።

ሉና ግን እምቢ አለች። «እናቴ ከቤት ስታባርረኝ የጠራችኝ በሱ ነው። እሱን ስም እዚህ ቤት አላስገባውም። ሳልታወቅ ልቀበር፣ ምን አገባችሁ» አለችና ቤቲናን ገፍታ ወጣች። አሱንቲና ልትጠራት ብላ ተወችው። ልጅቷ ልክ ናት። አሱንቲናም ልክ ናት። ኒኔታም ልክ ነበረች።

ቤቲና ተመልሳ ተቀመጠች። ዓይኗን ጠራረገች።

«ያንቺስ?»

አሱንቲና ያንን ስም ለመጨረሻ ጊዜ በአፏ ያወጣችው ለወታደርነት ሲመዘግቧት ነው። አሁን በሦስተኛው ሙከራ ወጣ። ቤቲና ሰማችው፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ እንደሚያጠና ተማሪ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ መጻፍ አታውቅም።

«ድገሚው» አለቻት። «እንዳይጠፋብኝ።»

ደገመችላት።