የወርቅአገኘሁ በርኖስ ግራጫ ሊሆን ሲል

ጎረቤቴ ወርቅአገኘሁ በርኖስ ይሠራል፤ ከመንዝ በግ ጥቁር ጸጉር፣ ቀለም ሳይነካው። ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ በጠዋት የቀጥታ ፕሮግራሙ ጋበዘው። መኪና እያለው የሁለት ሰዓት መንገድ የከበደው አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደግሞ፣ «በቴሌቪዥን አየዋለሁ፤ የእውነት ጥቁር ከሆነ ያለህን ሁሉ እወስዳለሁ። ግራጫ ከሆነ ግን አትድከም» ብሎታል። ወርቅአገኘሁ ፈራና እኔን አስከተለኝ።

እሱ በርኖሱን ለብሶ ስቱዲዮ ሲገባ እኔን መቆጣጠሪያ ክፍል አስቀመጡኝ። የምስሉን ጥቁርና ነጭ የሚያስተካክለው ዘርአ ዳዊት የሚባል፣ ሦስት ወር ሠልጥኖ የመጣ ጎረምሳ ነው። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው መታወቂያ ከሱ ይልቅ ሥራ ያውቃል። የጥቁሩን ልክ በሚያሳየው መለኪያ ስክሪን ላይ የትናንት ኳስ ከፍቶበታል። ከጀርባው መጋረጃ የሌለው መስኮት አለ፤ የጠዋት ፀሐይ ሞኒተሩን ፊት ለፊት ትመታዋለች።

«ጨለመ» አለና አንድ ቁልፍ አዞረ። ጥግ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ሳይ በርኖሱ አመድ መስሏል። ደገመው። የወርቅአገኘሁ ጺም ሳይቀር ሸበተ።

«ልጄ፣ በርኖሱን ለምን ታነጣዋለህ?»

«እትዬ፣ ይሄ ብላክ ሌቭል ይባላል። ትምህርት ይጠይቃል።»

«እኔ ከስምንተኛ አላለፍኩም። ግን ፀሐይ ያረፈበት ቴሌቪዥን እንደማይታይ ከቤቴ አውቃለሁ።»

«ስንት ፕሮግራም ያስተላለፍኩ ሰው ነኝ!»

«አይተናል እንጂ! የዩኒቨርሲቲውን ምርቃት ስታስተላልፍ ጥቁር ጋዋን የለበሱት ሁሉ ዱቄት ፋብሪካ የዋሉ መስለው ነበር።»

ቁልፉን ግን አልመለሰም። ስቱዲዮ ውስጥ ጠያቂዋ ወርቅአገኘሁን፣ «እስቲ ዞር ብለው ያሳዩን» አለችው። ነጋዴው አሁን እያየ ነው። ተነሣሁና መስኮቱን ሞላሁት፤ በስፋት እንኳ አልታማም። ነጠላዬን ከነክንዴ ዘረጋሁ። ሞኒተሩ ጥላ ሲያገኝ ወተት የተደፋበት የመሰለ ምስል ብቅ አለ።

ዘርአ ዳዊት አየውና ቁልፉን ወደ ኋላ መለሰ። በርኖሱ ጠቆረ፤ የጸጉሩ ክር አንድ በአንድ ተለየ።

«ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። ይቅርታ መጠየቁ ነው።

ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እንደዚያው ቆምኩ። ወርቅአገኘሁ ከስቱዲዮ ሲወጣ ስልኩ ጠራ። የነጋዴው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፦ «ሁሉንም ጫንልኝ!»

ዘርአ ዳዊት ቀድሞኝ ወጣና ጨበጠው። «ጥቁሩን በመለኪያ ነው ያስተካከልኩልዎት» አለው፣ ሳያፍር። የዋሁ ወርቅአገኘሁ ጎንበስ ቀና እያለ አመሰገነው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣

«አንቺ ደግሞ ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው የምታሺው?» አለኝ።