በሰው ክንድ የተቀዳ ደም

በያጁን ሰፈሩ ሁሉ «ብረቱ» ይለዋል። ፍንጣሪ ሲዘንብበት ፊቱን አያዞርም። አንድ ቀን የጋለ ቱቦ ክንዱን ለብልቦት፣ ቱቦውን «አንተ ባለጌ» ብሎ ሲገስጽ ያዩት አሉ። መርፌ ግን አጥብቆ እንደሚፈራ ከቀለም ቀቢው ጓደኛው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እጮኛው ልብስ ሰፊ ናት። ታናሽ ወንድሟን በልጅነቱ የነጠቃት ከእናትም ከአባትም የወረሰው የደም በሽታ ነው። ስለዚህ የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ፣ «መጀመሪያ ሁለታችንም እንመርመር» አለችው።

«ምን ችግር አለው» አለ እሱ። አፍ መቼ ይወጋል።

እሷ ቀድማ ደም ሰጠች። እሱ ቀለም ቀቢውን አስከትሎ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ስሙ ሲጠራ ከአግዳሚው መነሳት አቃተው፤ ላብ አጠመቀው። ጓደኛው አየት አደረገውና «አቤት» ብሎ ገባ። ሲወጣ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፏል።

«በል እንግዲህ፣ ሚዜነቴን ከዛሬ ጀምሬልሃለሁ።»

ተሳሳቁ። እግዜር ያየውን ነገር እንደ ቀልድ አለፉት።

ውጤቱ ሲደርስ በያጁና እጮኛው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነርሷ በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው፤ ወረቀቶቹን ዘርግተው ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ጤነኞች ናችሁ። ግን ሁለታችሁም ተሸካሚ ናችሁ። ከአንድ ወገን ብቻ ስለወረሳችሁት እናንተን አያማችሁም። አንዳችሁ ብቻ ብትሆኑ ኖሮ ልጃችሁም በዚህ አይታመምም ነበር። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ነው የሚከፋው፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ታማሚ ይሆናል። የመጀመሪያው ታመመ ማለት ተከታዮቹ ዳኑ ማለት አይደለም። ዕጣው ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚወጣው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ በያጁ ዞረች። እጇን ክንዱ ላይ አሳረፈች።

«አይዞህ። ጥፋትህ አይደለም። እኔ ግን እናቴ ያየችውን ማየት አልችልም። እዚሁ ይብቃን።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። የምታጽናናው ያልተወጋ ክንዱን ይዛ ነው። ምድር አልተከፈተችለትም።

«የኔ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«ደሙ። ጓደኛዬ ነው የሰጠው። ቀለም ቀቢው።»

ነርሷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን ተብሎ?»

«መርፌ ፈርቼ ነው፣ ሲስተር።»

በልቡ እጮኛው ብትስቅ ብሎ ተመኘ። እሷ ግን እጇን ከክንዱ ላይ አነሳች።

«ብትነግረኝ እኮ እጅህን ይዤህ እገባ ነበር።»

«ያስ ልጅ?» አሉ ነርሷ። «ሸክሙን ሳያውቅ ነው የሚዞረው። ሚስት አለችው?»

«አለችው። እርጉዝ ናት።»

ይህን ሲል ድምፁ ወረደ። እስከዚያች ሰዓት ሲያፍር የነበረው ለራሱ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው በገዛ ስሙ መጥቶ ይመርመር፤ ሚስቱንም ይዟት ይምጣ» አሉ። ከዚያ እጅጌውን በጣታቸው አመለከቱት። «አንተ ደግሞ አሁኑኑ።»

እጅጌውን ሰበሰበ። መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ላቡ በአገጩ ተንጠባጠበ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጁን አልያዘችውም።

«ውጤቱ ሲደርስ ጥራኝ» አለችው፤ ቀድማው ወጣች።

እሱ ሠራተኛ ሰፈር ወዳለው ብየዳ ቤቱ አልተመለሰም፤ በቀጥታ ጓደኛው ወደሚቀባው ፎቅ ሄደ። ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ነው፤ ገና ከሩቅ አየውና ብሩሹን አወዛወዘ።

«ሙሽራው! ደሜ አኮራህ ወይስ አዋረደህ?»

በያጁ ከመሰላሉ ሥር ቆመ። ቀለም ቀቢው በበያጁ ክንድ ላይ ያለውን ጥጥ ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ተወጋህ? ምን ተገኝቶ ነው?»

በያጁ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘለት።

«ውረድ» አለው። «ቀስ ብለህ ውረድ፣ ወንድሜ።»