ለኦሬሊ ጥቁር አይለበስም

ልጅቷ በሞተችበት ዕለት እናቷን ቢጫ ቀሚስ ያለበስኳት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ማለቴ፣ ያስገደደኝ ደንቡ ነው፤ ደንብ ደግሞ እኛ ጋ ከሰው በላይ ነው። በቬርሳይ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲሞት ቤተ መንግሥቱ ሐዘን አይቀመጥም። ጥቁር አይለበስም፣ ሙዚቃው አይቋረጥም፣ ንጉሡም አደናቸውን አይተዉም። ኦሬሊ ሰባት ዓመቷን ልትደፍን አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር።

ስሜ ፔሪን ነው። የልዕልት ሲዶኒ ልብስ በእኔ እጅ ነው ያለው። ልዕልቷ የኦሬሊ እናት፣ የንጉሡም ሦስተኛ ሴት ልጅ ናት። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ አልብሻታለሁ፣ አውልቄላታለሁ፤ ስለዚህ ፊት ለፊት «እርስዎ» ብላትም በልቤ «አንቺ» ነው የምላት፣ እዚህም እንደዚያው አወራለሁ። ቅር የሚለው ሰው ካለ ይለፈኝ።

ኦሬሊን የጣላት የደረት በሽታ ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸውን መነቅነቅ ሲጀምሩ ልዕልቷን ደግፈው ከክፍሉ አወጧት። የንጉሥ ልጅ ሰው በሚያጣጥርበት ክፍል አትቆይም፤ ይህም ደንብ ነው። ወስደው የካርታ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጧት። እኔ አንሶላ ላደርስ ገብቼ እዚያው ቀረሁ። ሁለት ቀን ከልጅቷ ራስጌ አልተነሳሁም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ አለፈች።

ወደ ልዕልቷ ክፍል ስወጣ ወይዘሮ ደ ቫልኩር ቀድማኝ መርዶውን ነግራታለች። ወይዘሮ ደ ቫልኩር ዋናዋ ደንገጡር ናት፤ ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማን በርጩማ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን ቆሞ እንደሚቀር በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ማታ ንጉሡ በአደባባይ እራት ይበላሉ። ቢጫውን አውጪ» አለችኝ።

«ልዕልቷ ዛሬስ ቢቀሩ?»

«በምን ምክንያት? ሐዘን አልታወጀ።»

«ልጃቸው እኮ ናት የሞተችው!»

«ማን እንደሞተች አንቺ ልትነግሪኝ ነው? ስድስት ዓመቷ ነው። ቢጫውን አውጪ አልኩሽ፣ ከነሪባኑ።»

ልዕልቷ መሀል ወለሉ ላይ እጆቿን ከጎኗ ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ ቆማ ነበር። ልብስ ስትጠብቅ ሁሌም እንደዚያ ነው የምትቆመው።

«ቢጫው ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«እሺ» አለች።

እራት ላይ ከከተማ የመጣው ሰው ከገመዱ ወዲያ ተሰልፎ ሲያይ፣ የቀረበላትን ሁሉ በላች፤ ዳክዬውን፣ አተሩን፣ በስኳር የተቀቀለውን ብርቱካን። እኔ ከኋላ ሆኜ አይቼ ተናደድኩ። ምን ዓይነት አንጀት ነው ይሄ ብዬ። እንዲህ ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባሏ ልዑሉ ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት አንድ ዓመት ከስድስት ሳምንት ጥቁር ለብሳለታለች። ለባል የተደነገገው ያን ያህል ነው። አብረው ማዕድ የቀረቡበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል፤ ሰውዬው ከጦሩና ከፈረሱ ሌላ የሚወደው ነገር አልነበረም። አልቅሺ ሲሏት አለቀሰች፣ ይበቃል ሲሏት ተወች። ለልጇ ግን ማንም አልቅሺ አላላትም።

ኦሬሊ ከሞተች ወዲህ ያሉት ቀናት አንዱ ከሌላው አይለይም። ጠዋት ቅዳሴ፣ ከሰዓት ካርታ፣ ከዚያ ጥልፍ። አንዲት ሰማያዊ አበባ ትጠልፍና ትፈታታለች፣ ደግማ እዚያው ላይ ትጠልፋለች። ሳናግራት ትመልሳለች፣ ሲስቁ ፈገግ ትላለች። እጇን ስነካው ይቀዘቅዛል። እኔ የምጠብቀው አንድ ጥያቄ ነበር። ከልጇ ጋር የነበርኩት እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ እንዴት እንደሞተች ትጠይቀኛለች ብዬ ውሸቴን አዘጋጅቼ ነበር። «ተኝታ ሳለች ነው የሄደችው፣ ምንም አላወቀችም» ልላት። አልጠየቀችኝም።

በአሥረኛው ቀን ወደ ንጉሡ ሄደች። ንጉሡ ከአደን ሲመለሱ ቡትስ ጫማቸው እየወለቀ ሳለ ልጆቻቸው ገብተው እጅ ይነሳሉ፣ ግንባራቸውን ተስመው ይወጣሉ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም። እኔ የቀሚሷን ጭራ ይዤ እስከ በሩ ስለምሄድ ሁሉን እሰማለሁ። ያን ቀን ብቻዋን ነበረች።

«ጃንሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«በይ እስቲ።»

«ለኦሬሊ ጥቁር ልልበስ። እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይልበስ።»

የንጉሡ አንድ እግር ከቡትሱ ወጥቷል፣ አንዱ እንደገባ ቀረ። ጫማ የሚያወልቀው ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

«ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ለሰባት ዓመቷ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የጎደላት።»

«ጎድሏታላ» አሉ ንጉሡ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ስሚ፣ ልጄ። እናትሽና እኔ አራት ቀብረናል። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነበር። እሱ የተቀበረ ዕለት እኔ ሰማያዊ ካባ ለብሼ የስፔንን አምባሳደር ተቀብያለሁ። ዛሬ ላንቺ ብፈቅድልሽ የኔዎቹ ምን ሊባሉ ነው?»

ንጉሡም ጎንበስ አድርገው ግንባሯን ሳሟት።

«ውሻሽ ተሻለው?»

«ተሽሎታል፣ ጃንሆይ።»

ውሻዋ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ንጉሡ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ በልቤ እረግማቸውና ይወጣልኝ ነበር።

ወር ሲሞላ ከጀርመን አገር ደብዳቤ መጣ። ኡልሪከ የሚባሉ የመስፍን ባልቴት አረፉ ተባለ። ለንጉሡ አክስት ናቸው፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ከኛ ቤተ መንግሥት በዓይኑ ያያቸው ሰው የለም። ሐዘን ታወጀ፤ ለሃያ አንድ ቀን ጥቁር።

እኔ ሣጥኑን ስከፍት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ወይዘሮ ደ ቫልኩር ከኋላዬ ደረሰች።

«ምን ያስቅሻል?»

«እያዘንኩ ነው፣ ወይዘሮ።»

«ጥርስሽ ይታያል።»

«ሳዝን እንደዚህ ነኝ።»

ጥቁሩን ቀሚስ ሳለብሳት ልዕልቷ እጅጌውን ቁልቁል አየችው። በመዳፏ ደባበሰችው። ከወር በኋላ አንድን ነገር አስተውላ ስታይ ያየኋት ያኔ ነው።

«ስንት ቀን ነው?»

«ሃያ አንድ፣ እመቤቴ።»

«ሃያ አንድ» አለች ቀስ ብላ፣ እንዳይጠፋባት የፈራች ይመስል።

በማግስቱ ለቅሶ መድረሻው ሆነ። የንጉሡ ቤተሰብ በትልቁ አዳራሽ ተደርድሮ ቆመ፤ መኳንንቱ ከነሚስቶቻቸው ጥቁር ለብሰው አንድ በአንድ እያለፉ እጅ ነሱ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይሏታል። «አመሰግናለሁ» ትላለች። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። እየቆየ ተሰማ። ከኋላዋ ቆሜ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ለሴትዮዋ የሚባለውን ሁሉ ለልጇ እየተቀበለች መሆኑን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ሪህ የያዘው ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ ፊቷ ቆመና፣

«ምንም ቢሆን ሞት አይለመድም፣ ልዕልት ሆይ» አላት።

«ልጅ ነበረች እኮ» አለችው።

ሽማግሌው ጆሮውን ተጠራጥሮ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ከበስተኋላው የነበሩት ሁለት ወይዛዝርት ግን ሰምተዋል። «የሰማንያ ዓመት ልጅ!» ብላ አንደኛዋ ማራገቢያዋን አፏ ላይ አደረገች። ወይዘሮ ደ ቫልኩር አልሳቀችም። ልዕልቷን አየቻት፣ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ከዚያ በኋላ ልዕልቷ ጥልፉን ተወችው። መስኮት አጠገብ ጥቁሯን ለብሳ ትቀመጣለች፣ በቃ። በዘጠነኛው ቀን ጸጉሯን ሳበጥር በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ፔሪን፣ አንቺ ያኔ...» አለች።

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቆመ። ይህን ጊዜ ገረዲቱ ሾርባ ይዛ ገባች፤ ልዕልቷም ሾርባውን ተቀበለች፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ሌላ መልእክተኛ ደረሰ። ደብዳቤውን ያመጣው የፊተኛው፣ ካህናቱ ባልቴቷን የሞት ቅባት ቀብተው ደወል ሲደወል ሰምቶ ነው ፈረሱን ያስነሳው። ሴትዮዋ ግን በሦስተኛው ቀን ተነስተው የቢራ ሾርባ አምጡልኝ ብለዋል፤ ጠጥተውም ቀዝቅዟል ብለው ወጥ ቤቱን ሰድበዋል። ቤተ መንግሥቱ በሳቅ ፈረሰ። ለአሥር ቀን ሕያው ሰው አለቀስን እያሉ በየኮሪደሩ ተሳሳቁ። ንጉሡም ራሳቸው ስቀው ጥቁሩ ከእራት በፊት ይውለቅ ብለው አዘዙ።

ወይዛዝርቱ ገና ቀሚሳቸውን ሳይቀይሩ ወደ ልዕልቷ ክፍል ጎረፉ።

«እንኳን ደስ ያለዎት!»

«እንኳን እግዜር አተረፈልዎት፣ ልዕልት ሆይ!»

ልዕልቷ ከወንበሯ ተነሳች። «ማንን?» አለች።

«ማንን ይላሉ እንዴ! የንጉሡን አክስት ነዋ! አልሞቱም!»

«ያኔ ልጅ ነበረች ሲሉን ገርሞን ነበር፤ እውነትም የሰማንያ ዓመት ኮረዳ ናቸው!»

ሁሉም ሳቁ። ልዕልቷ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። አንድ በአንድ አየቻቸው።

«የኔ ግን ሞታለች» አለች።

ወይዘሮ ደ ቫልኩር «ልዕልቷ ልብስ ይቀይሩ» ብላ ሁሉንም አስወጣች። ከዚያ ወደኛ ዞረች።

«እመቤቴ፣ ጊዜ የለንም። ሰማያዊው ይሁን ወይስ ቢጫው?»

«አላወልቅም።»

«ሐዘኑ ተነስቷል።»

«የማን ሐዘን?»

ወይዘሮ ደ ቫልኩር ወደ በሩ ዘወር ብላ አየች። «ጥቁር ለብሰው ንጉሡ ፊት መቅረብ አይችሉም» አለች፣ ከፊተኛው ቀስ ባለ ድምፅ።

«እንግዲያው አልቀርብም።»

ሴትዮዋ እኔን አየችኝ። ቢጫውን ቀሚስ ከክንዴ ላይ ተቀብላኝ ወጣች፤ በሩንም ራሷ ዘጋችው። አገልጋይ ሳይከፍትላት በር ነክታ አታውቅም።

ሁለታችን ቀረን።

«ተቀመጪ፣ ፔሪን» አለችኝ ልዕልቷ።

እሷ ባለችበት መቀመጥ ለእኔ አልተፈቀደም። የልብስ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጠርታኝ ነበር?»

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። ለስንት ቀን ይዤው ከርሜ፣ ያን ጥቁር ለብሳ ሳያት አልወጣልሽ አለኝ።

«ጠርታዎት ነበር» አልኩ። «በመጀመሪያው ቀን። ትመጣለች አልኳት። በሁለተኛው ቀን መጥራቱን ተወች። በሩ ሲከፈት ግን እርስዎ እየመሰሏት ቀና ትል ነበር።»

«በሩ ብዙ ጊዜ ተከፈተ?»

«ብዙ ጊዜ፣ እመቤቴ። ሐኪሙ ነበር፤ ቄሱ ነበሩ፤ እንጨት የሚያመጣው ሰውዬ ነበር።»

«ሁሌ ቀና ትላለች?»

«እስከ መጨረሻው።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። የቤተ መንግሥት ለቅሶ አልነበረም። ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ልጇ ስትሞት እንደምትጮኸው ጮኸች፤ ወንበሩን ይዛ ከነወንበሩ ወለሉ ላይ ወደቀች። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ ከቀበርናት ጀምሮ ስለ ልጇ ማንም ያላላትን፣ እኔም ራሴ ፈርቼ የዋጥኩትን ቃል አልኳት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት። የኦሬሊን ነፍስ ይማርልን።» እጄን ጨብጣ አልለቅም አለች።

ከበሩ ወዲያ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጫማ ሲንሿሿ፣ ቀሚስ ሲኮሻኮሽ ይሰማኛል። ከዚያ የወይዘሮ ደ ቫልኩር ድምፅ መጣ።

«ልዕልቷ ጉንፋን ይዟቸዋል። እራት አይቀርቡም።»

«ይሄ ጩኸት ጉንፋን ነው?» አለ አንድ ወንድ።

«ጉንፋን ነው አልኩ።»

«ለንጉሡ ምን ልበል? ስንት ቀን ይቆያል?»

ወይዘሮ ደ ቫልኩር ጀርባዋን በሩ ላይ ስታስደግፍ ሳንቃው ሲንቋቋ ሰማሁት።

«እኔ እንጃ» አለች። «ለዚህ ደንብ የለንም።»