የድንበሩ ቅሪተ አካል

ወንድዬ እንጅባራ ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነው። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለ ማሳ ዳር ሲያልፍ፣ ጥቁር ቅርንጫፍ የታተመበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተተክሎ አየ። ከውሃ ወደ የብስ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ተክሎች የአንዱ ቅሪት መሰለው። ስሙ ባሕር ተሻግሮ ሲጠራ ታየው፤ ሞኝ!

«ጋሼ ሽባባው፣ ይህን ድንጋይ ብወስደው ይከፋዎታል?» ሲል ማሳውን የሚያርሱትን ሰው ጠየቀ።

ሽባባው ድንጋዩንም፣ ማዶ ያለውን የጎረቤታቸውን የምህረቴን ቤትም አዩ። «ውሰደው የኔ ጌታ፤ ለድንጋይ ደግሞ!» አሉና ራሳቸው በዶማ ነቅለው አሸከሙት።

ወንድዬ የገበሬ ልጅ ነው፤ የድንበር ድንጋይ ጠፍቶት ነው? አልጠፋውም። ያን ቀን ግን ዓይኑ ቅርንጫፉን ብቻ አየ።

በማግስቱ ሽባባው በሬዎቻቸውን ጠምደው ድንበሩን አልፈው የምህረቴን ማሳ ገመሱት። ምህረቴ ሮጦ መጥቶ በዱላ ትከሻቸውን ቢላቸው፣ ምሳር አንስተው ግንባሩን ፈለጡት። የደነበሩት በሬዎች ማረሻውን እየጎተቱ በላዩ ሄዱበት። ከሰዓት በፊት ሞተ፤ ሽባባውም ታሰሩ።

ወንድዬ ፎቶ የላከለት አዲስ አበባ ያለ የሥነ ምድር ባለሙያ በሳምንቱ ደወለ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ! ያንተ አገር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው የቅርብ ጊዜ ነው። ቅርንጫፍ ያልከው ስንጥቁ ውስጥ የሰረገ ማዕድን ነው። የመጀመሪያዎቹ የየብስ ተክሎች ቅጠል እንኳ አልነበራቸውም፤ የጥንታዊዎቹ ማስረጃ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ የመራቢያ ብናኝ ነው። ደግሞስ የቆመበትን ቦታ ለክተሃል?»

አልለካም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ማሳው ላይ ተቀመጡ። የምህረቴ ወንድም ዓለምነውና የሽባባው ልጅ ሽመክት፣ መምህሩ ባሳየው ቦታ ድንጋዩ ተተክሎ ደሙ እንዲደርቅ ተስማምተዋል።

«መምህር፣ እንደ ሃይማኖትህ ተናገር። የት ነበር?» አሉት አንዱ ሽማግሌ።

ትልሙ ሁሉንም ገልብጦታል። ወንድዬ ስልኩን አወጣ። አስራ አንድ ፎቶ አለው፤ አስራ አንዱም ጥቁሩ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፣ ዙሪያው የሚታይበት አንድም የለም። አላውቅም ቢል ያን ሁሉ ሰው ፈራ። ለሟቹ አዘነና ወደ ሽባባው ማሳ ገባ ብሎ ጠቆመ።

«እዚህ ነው።»

«ውሸት! ገዝታችሁት ነው!» አለ ሽመክት ወደ ዓለምነው ዞሮ፤ ጠብመንጃውን ከጋቢው ስር መዞ ተኮሰ።

ወንድዬ እጁን ሳያወርድ ዓለምነው ወደቀ።