ወይኒቱ ያየችው ብርሃን

ወይኒቱ ወፍራም መነጽሯን በአንድ እጇ ደግፋ ሰገደችና ቀና ስትል፣ በቀኝ ዓይኗ ጠርዝ መብረቅ ቢጤ ብልጭ አለ። ደግማ ሰገደች፤ ደግሞ ብልጭ አለ። ዕለቱ ስቅለት ነው። የፍኖተ ሰላም ሕዝብ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶ "ኪርያላይሶን" እያለ ይወድቃል፣ ይነሣል።

"አሁንም መጣልሽ?" አለቻት እናቷ እማዋይሽ ከጎኗ።

"መጣ።"

"ተመስገን!"

እማዋይሽ የልጇ ዓይን ከበራ ለታቦቱ ጃንጥላ ልታስገባ ከተሳለች ሃያ ዓመት አልፏታል። ሰኞ ዕለት ወይኒቱ "ስሰግድ ብርሃን ይታየኛል" ስትላት ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰችው። ማክሰኞ ደግሞ ልጅቱ ያለ መነጽር ክር በመርፌ ስታስገባ አየችና እልል አለች። ወይኒቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ድሮም መነጽሯን አውልቃ ከአፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ነው የምታየው። የሩቁ እንጂ የቅርቡ መቼ ጠፍቷት ያውቃል? ግን ደስ ያላትን እናት ማን ደፍሮ ያስረዳል!

ደግሞ እውነቱን ለመናገር ወይኒቱ ራሷ ማመን አምሯት ነበር። ሌላውን ነገር ታውቀዋለቻ።

ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ዳር የመረመረቻት ሐኪም አምለሰት አስጠንቅቃታለች። "ዓይንሽ ከሰው ዓይን ይረዝማል" አለቻት። "ውስጡን የሞላው እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ነገር ነው። በረጅም ዓይን ውስጥ ያለ ዕድሜው ይቀጥንና ከኋላው ካለው ስስ ሽፋን ይላቀቃል። ሽፋኑን ሲጎትተው ብልጭታ ታያለሽ። ከቀደደው ጥላሸት የመሰለ ነገር ይዘንብብሻል፤ ከዚያ የሚመጣው ጥቁር መጋረጃ ነው። ያን ጊዜ አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳድሪ፤ ዓይንሽ ይጠፋል።"

ብልጭታው ሰኞ መጣ። ጥላሸቱ ረቡዕ። ወይኒቱ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አሁን ለመስገድ ጎንበስ ስትል መሬቱ ጠቆረባት። ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ወደ እናቷ ዞረች። የእማዋይሽ ፊት አለ። ከአንገቷ በታች ግን ነጠላዋም፣ እጇም፣ እግሯም የሉም፤ ጥቁር ነገር ውጧቸዋል።

"እማ፣ ልሄድ ነው።"

"ወዴት?"

"ባሕር ዳር። የዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ ካላመለጠኝ።"

"በስቅለት? ካህኑ ሳያሰናብቱሽ? ወይራው እንኳ ጀርባሽን ሳይነካሽ?" እማዋይሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሰውስ ምን ይላል? የበራላት ልጅ ስግደቱን ጥላ ወጣች ይበሉን?"

"አልበራልኝም። እየጨለመብኝ ነው።"

"ጠላት ነው እንዲህ የሚልሽ፣ ልጄ። ትንሣኤን ውለሽ ትሄጃለሽ።"

"ነገ መንገዱ ክፍት ለመሆኑ ማን ይምልልኛል?"

ባለፈው ወር መንገዱ ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ ከርሟል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች እማዋይሽ።

"ከረቡዕ ጀምሮ ጥላሸት ይዘንብብኝ ነበር፤ መጋረጃው አሁን መጣ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

እማዋይሽ የልጇን ቀኝ ዓይን ትክ ብላ አየችው። ከላይ ሲያዩት ደህና ዓይን ነው፤ ቅላት እንኳ የለበትም። ነጠላዋን አጥብቃ አደገደገች።

"እንግዲያ ሂጂ። የቀረውን እኔ እሰግድልሻለሁ" ብላ ጎንበስ ስትል ወይኒቱ ክንዷን ያዘቻት።

"ግራውም ያው ረጅም ዓይን ነው፣ እማ። መንገድ ላይ እሱም ቢከተለውስ? ብቻዬን ፈራሁ።"

ወይኒቱ ነፍስ ካወቀች ወዲህ እጄን ይዛችሁ ምሩኝ ብላ አታውቅም። እማዋይሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተመለከተች። ካህኑ አባ ክንፈሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሕዝቡ አንድ ላይ ሲወድቅ በግቢው ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቆመው ቀሩ። እማዋይሽ በስቅለት ሳትሰናበት ወጥታ አታውቅም። ጫማዋን ከአጥሩ ሥር አነሣችና የልጇን እጅ ይዛ፣ ሰጋጆቹን "አሳልፉን" እያለች ወደ ውጭ መራቻት።